አጥንት የሌለው ማርማላታ

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የምግብ ቤቶችን ንጽሕና ስቆጣጠር የኖርኩ ሰው ነኝ። መጠርጠር እንጀራዬ ነበር። የሰው ድስት እየገለጥኩ፣ የሰው ማንኪያ እያሸተትኩ፣ ባለ ሆቴሎች ፊታቸውን እያጠቆሩብኝ ነው ያረጀሁት። ስለዚህ ጠርጣራ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል እንጂ አልቆጣም። እትዬ ለተ ሚካኤል ግን እኔንም አስከነዱኝ።

ነገሩ የሆነው በ1974 ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም ነው። ከልደታ ማርያም በኩል ወደ ጌጃ ሰፈር ስወርድ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ የተዘጋ ልብስ ሰፊ ቤት ቆርቆሮ ሥር ተጠጋሁ። እትዬ ለተ ሚካኤል ከቅዳሴ ሲመለሱ ቀድመውኝ ተጠግተው ኖሯል። ነጠላቸው ርሷል፤ እሳቸው ግን የሚጨነቁት ለነጠላው ሳይሆን ከሥሩ ሸሽገው ለያዙት ነገር ነበር።

የአንድ ግቢ ሰዎች ነን። ግቢው በሙሉ የእሳቸው ነበር። ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ አንዲት ክፍል ለእሳቸው ቀረችና የቀሩትን ቀበሌ አከራየን፤ እኔ በአንዱ፣ አስተማሪዋ ትብለጽ በሌላው እንኖራለን። መሀል ላይ የቆመው የኮክ ዛፍ የማን እንደሆነ አዋጁ ስላልተናገረ ማንም አይደፍረውም፤ ፍሬው በየክረምቱ እየወደቀ ይበሰብሳል፣ ዝንቡን ሁላችንም እኩል እንካፈላለን።

“እንደምን ዋሉ እትዬ?” አልኳቸው።

“እግዚአብሔር ይመስገን። ጴጥሮስ፣ አንተ የጤና ሰው ነበርክ አይደል?” አሉኝ ግራና ቀኝ አይተው።

“ነበርኩ።”

“ምግብ መርምረህ ውስጡ ያለውን ታውቃለህ?”

“እንደ ምግቡ ነው።”

ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው አንድ አፈ ሰፊ ጠርሙስ አሳዩኝ። ውስጡ ብርቱካን የመሰለ ነገር ሞልቶበታል። “ይሄ ውስጥ አጥንት አለ ወይስ የለም? ካቶሊክም ብትሆን ዋሽተኸኝ አታውቅም።”

ከጉራጌ የመጣሁ ካቶሊክ ነኝ፤ እትዬ ለተ ሚካኤል ይህን አንድ ቀን ረስተውልኝ አያውቁም። ጠርሙሱን ግን አወቅሁት። ትብለጽ ደፍራ ከዚያው ከግቢያችን ዛፍ አውርዳ የሠራችው ማርማላታ ነው። ለእኔም ሰጥታኝ ግማሹን ጨርሼዋለሁ።

“ማርማላታ እኮ ነው እትዬ። ኮክና ስኳር።”

“ኮክና ስኳር ቢሆን ይፈስ ነበር።” ጠርሙሱን ወደ ዓይኔ አስጠግተው አዘነበሉት። “እየው፤ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ የሚንቀጠቀጠው የቅልጥም መረቅ ነው። የሚረጋ ነገር ሁሉ ከእንስሳ ነው። ወተት ይረጋል፣ ቅቤ ይረጋል፣ ሞራ ይረጋል። ፍሬና ውሃ ሲረጋ አይተህ ታውቃለህ?”

ልስቅ ብዬ አፌን ከፈትኩና ፊታቸውን ሳይ መልሼ ዘጋሁት። “በልተውታል እንዴ?”

“ትናንት ከቅዳሴ ስመለስ ዳቦ ላይ ቀብታ ‘የጾም ነው እማማ’ ብላ ሰጠችኝ። የሰው እጅ አይመለስም ብዬ ጎረስኩ። ጣፈጠኝ።” ‘ጣፈጠኝ’ ያሉት እንደ ኃጢአት ነው። “ዛሬ ጠዋት በመስኮቷ በኩል ረግቶ አየሁት። ‘ጥሞኛል፣ ጨምሪልኝ’ ብዬ ጠርሙሱን ተቀበልኳትና ይዤው ወጣሁ።”

ነገሩ የገባኝ ይኼኔ ነው። ፍሰሐ የመጨረሻ ልጃቸው ነው። ሰሜን ግንባር የጦር ሾፌር ሆኖ ሄዶ ከፋሲካ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። እናቱ ለእመቤታችን ተስለዋል፤ ‘ልጄን በሰላም መልሽልኝ እንጂ ፍልሰታን የኑግ ዘይት እንኳ በአፌ ሳይዞር እፈታለሁ’ ብለው። ከጾሙ የቀረው ጥቂት ነው። አሁን ያ ሁሉ በአንድ ቁራሽ ዳቦ ፈርሶ እንደሆነ፣ ልጄን በገዛ አፌ በላሁት ብለው ነው የሚያስቡት።

“ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው” አሉኝ። “‘ምን እንደበላሽ ሳታውቂ እኔ ምን ብዬ ልፍረድ? እወቂና ነይ’ አሉኝ። ስለዚህ ንገረኝ።”

“የለበትም እትዬ። እኔ ራሴ በልቼዋለሁ።”

“አንተማ በጾም ዓሣ የምትበላ ሰው፣ ምስክርነትህ ምን ይረባኛል?”

“ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?”

“እንድትመረምረው ነዋ። መስክር ማን አለህ?”

ደሜ ፈላ። ትዕግሥት አልታደልኩም። “እንግዲያው የሠራችውን ይጠይቋት” አልኩ።

“እሷን? ከየት እንደመጣች የማላውቃትን? ቀበሌ ነው አምጥቶ ያስገባብኝ። ያገርዎ ልጅ ነች ይሉኛል፤ ያገር ልጅ መሆን ብቻውን ምን ይሆናል? ደግሞስ ስኳሩን ከየት አመጣችው? እኛ በቀበሌ ሱቅ በካርድ ስንሰለፍ እሷ በድስት ታፈላለች? ዛሬ ሳይመሽ ካልታወቀልኝ የቀበሌው ሊቀመንበር ዘንድ ሄጄ እሱ ይጠይቃት እላለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።”

ይህ ቀልድ አይደለም። በዚያን ጊዜ ስኳር ታከማቻለች የተባለች ሴት መጀመሪያ ትታሰራለች፣ ኮኩ ኋላ ነው የሚጠየቀው። “ዝናቡ አባርቷል፤ በፊትዎ ትጠየቅ” ብዬ ተነሣሁ። የእብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል የሚባለው እንዳይደርስብኝ እየሰጋሁ አብሬያቸው ወረድኩ።

ትብለጽ ከበሯ ላይ ተቀምጣ የተማሪ ደብተር ታርማለች። የሆም ኢኮኖሚክስ፣ ማለትም የቤት አያያዝ አስተማሪ ናት። ልጅ ናት፣ ጨዋ ናት፣ ግን ስትናገር ጥቁር ሰሌዳ ከኋላዋ ያለ ይመስላታል።

“እማማ ደህና ገቡ? ጋሼ ጴጥሮስ፣ ይግቡ” ብላ ተነሣችልን።

“ቁጭ በይ። ጠርሙስሽን አምጥቻለሁ” አሉ እትዬ ለተ ሚካኤል። “አጥንት አለበት ወይስ የለበትም?”

ልጅቷ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ እሳቸው ተመለከተች። ነገሩን ባጭሩ ነገርኳት። ስለ ስእለቱ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

“እማማ፣ እኔ በፍልሰታ አጥንት አበላዎታለሁ?”

“አላውቅም። ላውቅ ነው የመጣሁት።”

“እንግዲያው ላስረዳዎት። በፍሬው ልጣጭና በዘሩ አካባቢ በተፈጥሮ የሚገኝ ሙጫ መሰል ነገር አለ። ፔክቲን ይባላል። ይህ ነገር ከስኳርና ከሎሚ ጋር በሙቀት ሲዋሐድ…”

“ምን አለች?” አሉኝ ወደ እኔ ዞረው።

“ፍሬው ሙጫ አለው ነው የምትለው።”

“ሙጫማ ከከብት ቆዳ ነው የሚሠራው። አናጢው ሞቱማ ሲያፈላው ሰፈሩ በሙሉ አፍንጫውን ይይዛል። ይኸው፣ በአፏ ተናገረች።”

ትብለጽ ትምህርቷን፣ እኔ አስተርጓሚነቴን እንዲህ አድርገን አበላሸነው። “የግራር ሙጫስ እማማ? እሱ የዛፍ ነው” ብትል፣ “የግራር ሙጫ ይደርቃል እንጂ አይንቀጠቀጥም” ብለው ዘጉባት። ልጅቷ ደብተሮቿን ወደ ጎን አድርጋ ትንሽ አሰበች። ከዚያ በኋላ የተናገረችው እንደ አስተማሪ አልነበረም።

“እማማ፣ ሽሮ ሲያድር ምን ይሆናል?”

“ይረጋል።”

“ቅባት ሳይገባበት?”

“ሽሮ ዱቄት አለው። የዚህኛው ዱቄት የት አለ?”

“አብሽስ? ሲዘፈዘፍ ውሃውን ጠጥቶ አያብጥም? ሲነኩት አይንቀጠቀጥም?”

“ይንቀጠቀጣል” አሉ እትዬ ለተ ሚካኤል። “አብሽን ግን በእጄ ዘፍዝፌ በእጄ ስለመታሁት አውቀዋለሁ። ይሄን አንቺ ነሽ የምታውቂው። አንቺን ደግሞ አላውቅሽም።”

እዚህ ላይ አንባቢዬ አሮጊቷን በአላዋቂነት እንዳይፈርድባቸው እለምናለሁ። በእጁ ያልሠራውን ነገር አላምንም ያለ ሰው ከትምህርት የራቀ አይደለም። እኔ ስንቱን ባለ ሆቴል ‘በዓይኔ ካላየሁ’ ብዬ አስለቅሻለሁ። ችግሩ የጠረጠረ ሰው ጥርጣሬውን ታቅፎ ወደ ሊቀመንበር የሄደ እንደሆነ ነው። ድስት ይዞ ወደ እሳት ከሄደ ግን ጥርጣሬ ራሱ አስተማሪ ይሆናል። ትብለጽም ይኸው ገባት መሰለኝ፣ “እንግዲያው በእጅዎ ይሥሩት” አለቻቸው።

እሳቸው ቆሎ ዘግነው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ውላቸውን አስቀመጡ። ድስቱ የእሳቸው የጾም ድስት ይሆናል፤ ቅቤ ነክቶት አያውቅም። ኮኩን ራሳቸው ከዛፉ ያወርዳሉ። ስኳሩንም ከሳጥናቸው፣ ሎሚውንም ከጓዳቸው ያወጣሉ። ትብለጽ በአፏ ብቻ ትናገራለች።

“እጅሽ አንድ ነገር እንዳይነካ። አንተ ጴጥሮስ እጇን ጠብቅ።”

“ስኳሩን ግን ቢተዉት” አልኳቸው፤ ላስቲኩን ሲፈቱ አይቼ። ወር ሙሉ ሻያቸውን መራራ ሲጠጡ የምናይ ሰዎች ነንና።

“ለፍሰሐ ያስቀመጥኩት ነው። ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ ሻይ በስኳር አድርጎ ነው የሚወደው።” ስኳሩን በመዳፋቸው መዘኑት። “ካልረጋ ስኳሬም ሄደ፣ ስእለቴም ሄደ። እሷም ሊቀመንበሩ ዘንድ ትሄዳለች።”

ትብለጽ ከዱካ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጆቿን በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ከተተች። ሥራው ተጀመረ። መሬት የነካ ፍሬ እንዳይገባ አለች፤ የቆሰለው ተቆርጦ ይጣል፤ ከበሰለው መሀል ጥቂት ያልበሰለ ይቀላቀልበት። እሳቸው ለእያንዳንዱ ነገር “ለምን?” ይላሉ። የቆሰለው የተበላሸ ነገር ስለሚይዝ፤ ያልበሰለው ደግሞ የሚያረጋው ነገር ስለሚበዛበት። “ለምን?” ኮኩ ታጠበ፣ ዘሩ ከውስጡ ወጣ፣ ተከተፈ። “የፍሬውን ያህል ስኳር ቢሆን መልካም ነበር” አለች ትብለጽ፤ “በካርድ ዘመን ግን ትንሽ ብናሳንሰውም ይሆናል። የኔውም የሦስት ወር ድርሻዬ ነው፤ ሻይ መጠጣት ትቼ ነው ያጠራቀምኩት።” አሮጊቷ ከዚያ ወዲያ የስኳሩን ነገር ሁለተኛ አላነሡትም።

ፈርኔሎው ተቀጣጠለ፣ ድስቱ ተጣደ። ሁሉም ደህና ሲሄድ ትብለጽ እንዲህ አለች።

“አሁን ሎሚውን ጨምቀው ያግቡበት። የሎሚውን ዘርና ልጣጭ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረው፣ በክር አስረው ድስቱ ውስጥ ይክተቱት። ሲበስል ያወጡታል።”

እትዬ ለተ ሚካኤል ማማሰያውን አስቀመጡ።

“ቋጥሬ?”

“አዎ እማማ።”

“በክር አስሬ?”

“እንዳይበተን ነው።”

“በጨርቅ ተቋጥሮ ድስት ውስጥ የሚገባ ነገር በኔ ቤት አይገባም። እንዲህ ያለ ቋጠሮ ከወጧ ውስጥ አግኝታ ትዳሯ የፈረሰ ሴት አውቃለሁ። ሎሚውን እጨምቃለሁ፤ ቋጠሮ የሚባል አልሰማም።” ዘሩንና ልጣጩን ሰብስበው አመድ ላይ ጣሉት።

ትብለጽ ልትናገር ከንፈሯን አላቀቀችና ተወችው። እኔም አልተናገርኩም። ለጥቂት የሎሚ ዘር ጠብ መነሣት የለበትም አልኩ በልቤ። እንዲህ ያለ ሰነፍ ፍርድ ስንቱን ነገር እንደሚያበላሽ ከማንም ይልቅ እኔ ማወቅ ነበረብኝ።

ድስቱ ፈላ፣ ተማሰለ፣ ደግሞ ፈላ። ቀለሙ አማረ። ትብለጽ በቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ አድርገው እንዲያዩት ነገረቻቸው፤ ሲቀዘቅዝ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ከተጨማደደ ረግቷል፣ ከፈሰሰ ገና ነው። ጠብ አደረጉት። ቀዘቀዘ። ሳህኑን አዘነበሉት፤ እንደ ሽሮፕ ወርዶ ከጠርዙ ተንጠለጠለ። ደግመው አፈሉት፣ ደግመው ሞከሩት። ፈሰሰ።

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጠው የትብለጽን ጠርሙስ አነሡ። አዘነበሉት፣ አይፈስም።

“የኔ አልረጋም” አሉ። “ያንቺ ረግቷል።”

አሸነፍኩ ያለ ሰው ድምፅ አልነበረም። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት እኔም ጠረጠርኳት። ፈረንጆች ከአጥንት የሚያወጡት ነጭ ዱቄት እንዳለ በሥራዬ አውቃለሁ፤ ከረሜላና ኬክ ያረጉበታል። ይቺ ልጅ ከትምህርት ቤቷ አምጥታ ጨምራበት እንደሆነስ? ሳታስብ፣ ጾም መሆኑን ሳታስተውል? ወደ ትብለጽ ዞርኩ። እጆቿ አሁንም እጅጌዋ ውስጥ ናቸው። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ድስቱን ታያለች።

“ትብለጽ፣ የጨመርሽበት ነገር ካለ አሁን ተናገሪ” አልኳት። እንደ ድሮው የመሥሪያ ቤት ድምፅ ነበር የወጣኝ።

“የሎሚውን ዘር ነው የጨመርኩት ጋሼ፤ እሳቸው የጣሉትን። ኮክ ብቻውን የሚያረጋው ነገር ያንሰዋል። ሎሚ ውስጥ ግን ሞልቷል።” ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞረች። “እማማ፣ ቋጠሮው ይቅር። ልክ ነዎት፣ ያልታየ ነገር ድስት ውስጥ አይግባ። ዘሩን በግልጥ ይጨምሩት። አንድ በአንድ ያግቡት፣ አንድ በአንድ ያውጡት።”

እትዬ ለተ ሚካኤል ድስቱን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ ባዶውን የስኳር ላስቲክ አዩ። ከዚያ የቀሩትን ሎሚዎች አምጥተው ቆረጡ። እያንዳንዱን ዘር በሁለት ጣታቸው ይዘው ያሳዩኛል።

“ምንድን ነው?”

“የሎሚ ዘር።”

“ሌላ ነገር አይደለም?”

“አይደለም እትዬ።”

ይጨምሩታል። እንዲህ ስንባባል ሎሚዎቹ አለቁ። ልጣጩንም ነጩ የውስጡ ክፍል ሳይወልቅ ጨመሩት። ከሰሉ ተራገበ። ቀስ በቀስ የአፈላሉ ድምፅ ተለወጠ፤ መጀመሪያ እንደ ውሃ ይንተከተክ የነበረው እንደ ገንፎ ከበድ ብሎ ጵቅ ጵቅ ይል ጀመር። ዘሩንና ልጣጩን በማንኪያ እየለቀሙ አወጡ። በመጨረሻ ሳህኑ ላይ ጠብ አደረጉትና ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ስንጠብቅ ቀዘቀዘ። በሌባ ጣታቸው ገፉት። ተጨማደደ። ሳህኑን አዘነበሉት፤ አልፈሰሰም፤ ባለበት ተንቀጠቀጠ።

“እኔ አጥንት አላስገባሁም” አሉ ቀስ ብለው።

“አላስገቡም።”

“እጇን አላነሣችም?”

“ከእጅጌዋ አላወጣችም እትዬ።”

“ረጋ” አሉና ቁጭ አሉ።

ማሸጉ ብቻ ቀረ። ትብለጽ ጠርሙሶቹና ክዳኖቹ በፈላ ውሃ ይቀቀሉ ስትል አሮጊቷ እንደገና ነቁ። “የታጠበ ጠርሙስ ደግሞ ለምን ይቀቀላል?”

“በዓይን የማይታይ ነገር ስላለ ነው። ምግብ የሚያበላሸው እሱ ነው።”

“እኔ ጠላ ስጠምቅ ጋኑን በወይራ አጥነዋለሁ። ለዚሁ ነው?”

“ለዚሁ ነው እማማ። ወይራው ጢስ ነው፣ ይሄ ውሃ ነው፤ ሥራቸው አንድ ነው።”

“እንዲህ ብለሽ ብትጀምሪ ኖሮ ምን ነበረበት” አሏት።

ማርማላታው በትኩሱ ከጠርሙሱ አፍ ጥቂት ዝቅ እስኪል ተሞላ። የጠርሙሱ ከንፈር በንጹሕ ጨርቅ ተጠረገ፤ ጠብታ ከቀረበት ክዳኑ አይገጥምም። ተከድኖ፣ ከሥሩ ጨርቅ የተነጠፈበት ድስት ውስጥ ገብቶ እንደገና ተቀቀለ። ከዚያ ወጥቶ ነፋስ በማያገኘው ቦታ ተቀመጠ።

እስኪቀዘቅዝ ስንጠብቅ እኔ እንደ ልማዴ ስብከት ጀመርኩ። በየክረምቱ ይህ ሁሉ ኮክ መሬት ላይ ሲበሰብስ ዝንብ እናረባበታለን፣ ልጆቻችን የወደቀውን እየበሉ ተቅማጥ ይይዛቸዋል። ይኸው ፍሬ ግን በወቅቱ ቢለቀምና ቢታሸግ፣ ዘይት በጠፋበት ጾም ለልጅ ዳቦ መቀቢያ፣ አፉ ለመረረው በሽተኛ ማስጎረሻ ይሆናል። ኮክ ብቻ ሳይሆን ዘይቱናውንም፣ እንጆሪውንም፣ ብርቱካኑንም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። መጠንቀቅ ያለብን ክዳኑ ያበጠ፣ ሲከፈት የሚተነፍስ ወይም የሸተተ ጠርሙስ ካገኘን ሳንቀምስ መድፋት ነው። ይህን ስናገር አንደኛው ክዳን ‘ጧ’ ብሎ ጮኸ።

“ምን አለ?” ብለው ዘለሉ እትዬ ለተ ሚካኤል።

“ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ወደ ውስጥ ተሳበ” አለች ትብለጽ። “በጣትዎ ይጫኑት። ዝቅ ብሎ ከቀረ አየር አይገባበትም ማለት ነው።”

ተጫኑት። ዝቅ ብሎ ቀረ። “ስብከትህን ጨረስክ?” አሉኝ ከዚያ። “አንድ የምጠይቃት ነገር ቀርቶኛል።”

ወደ ልጅቷ ዞሩ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ግን የዋዛ አልነበረም።

“የኔ ድስት ንጹሕ መሆኑን አወቅሁ። ማርማላታም ያለ አጥንት እንደሚረጋ አየሁ። ትናንት የበላሁት ግን ካንቺ ድስት ነው። ያንቺ ድስት ሥጋ ነክቶት ያውቃል?”

ትብለጽ እጆቿን ከእጅጌዋ አወጣች።

“አያውቅም እማማ። ሥጋም ቅቤም ቤቴ ከገባ ዓመት አልፎታል። ጾም ቢሆንም ባይሆንም። እኔም ተስያለሁ።”

“ለማን?”

“ለወንድሜ።”

“የት ነው?”

“እዚያው ነው፤ ሰሜን።”

አሮጊቷ ቀጥለው ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ። ጥያቄውን አውቀዋለሁ፤ እኔም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ወንድሟ እንደ ፍሰሐ ከመንግሥት ጦር ጋር ቢሆን ኖሮ ገና ስትጠየቅ ‘ወታደር ነው’ ትል ነበር፤ የምትሸሽገው ነገር የለም። መንግሥትን ሊወጉ ጫካ ከገቡት ጋር ከሆነ ግን፣ ይህን የሚያውቅ ጎረቤት ሊቀመንበሩ ዘንድ አንዴ ደረስ ብሎ ቢመለስ ልጅቷ ሥራዋንም ቤቷንም፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ታጣለች። ትብለጽ ይህን እያወቀች ነው የተናገረችው። የአሮጊቷ ስእለት እንዳይፈርስ ብላ ራሷን እጃቸው ላይ አስቀመጠች። አሁን ወደ መሬት እያየች ጥያቄውን ትጠብቃለች።

እያንዳንዷን የሎሚ ዘር ‘ምንድን ነው’ ያሉት እትዬ ለተ ሚካኤል አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ከዚያ ግቢያችን ውስጥ ለማንም ተናግረውት በማያውቁት ባገራቸው ቋንቋ በትግርኛ፣ “ጓለይ” አሏት፤ ልጄ ማለት ነው።

“አቤት እማማ።”

“የክርስትና ስሙ ማን ነው?”

ትብለጽ የምትጠብቀው ይህን አልነበረም። “ገብረአረጋዊ” አለች ቀና ብላ።

“ገብረአረጋዊ” ብለው ለራሳቸው ደገሙት። “እንግዲህ ነገ ቅዳሴ ላይ ከልጄ ጋር አንድ ላይ እጠራዋለሁ። ይቺን የቀረችውን ጾም ለሁለቱም ነው የምጾማት።” ጎንበስ ብለው ከቀዘቀዙት ጠርሙሶች አንዱን አነሡና ክዳኑን በጣታቸው ተጫኑ። “ይሄ ወደዚያ የሚሄድ ሾፌር ሲገኝ ለፍሰሐ ይላክለታል። ስንት ጊዜ ይቆያል አልሽኝ?”

“ካልተከፈተ ዓመት ይቆያል እማማ።”

ሁለተኛውን ጠርሙስ አነሡ። ይህን ወዴት ይልኩታል፤ የሚላክበት መንገድ የለም። በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት።

“የገብረአረጋዊን እኔ አስቀምጥለታለሁ” አሉ። “ዓመቱ ካለፈ ሌላ እንሠራለታለን።”